ከአልጋው በግራ በኩል

ባለማሽኑ አባቱን ሊጠይቅ ሆስፒታል የሄደ ዕለት ደረጃውን ሲወጣ ሁሉ የመጀመሪያዋን ቃል እየፈለገ ነበር። «እንዴት ዋሉ አባባ» ይበል? ወይስ ቀጥ ብሎ «ይቅር ይበሉኝ» ብሎ ይገላገል? ሁለት ዓመት የተኳረፉ ሰዎች የሚሉት ነገር ሞልቷቸዋል፤ የሚያስቸግረው መጀመሪያው ነው። ሦስተኛው ፎቅ ሲደርስ ላብ አጥምቆት ነበር፣ ቃሉም ገና አልተገኘም። የተዘጋጀ ነገር ቢኖር በፌስታል ያንጠለጠለው ብርቱካን ብቻ ነው።

አባቱን ሰፈሩ ሁሉ አባ ብሩሽ ይላቸዋል። የሰሌዳ ጸሐፊ ናቸው። ከዳቦ ቤቱ እስከ ጥርስ ሐኪሙ፣ ከጫማ ሰፊው እስከ ትምህርት ቤቱ በር ድረስ ተጽፎ የተሰቀለው ሁሉ ከእሳቸው እጅ የወጣ ነው። ልጃቸው ደግሞ ሰሌዳ ባንድ ጀንበር የሚያትም ማሽን ገዝቶ ዋናው መንገድ ዳር ሱቅ ሲከፍት ባለማሽኑ ተባለ። ስሙን ያወጡለት አባ ብሩሽ ራሳቸው ናቸው፤ ሊያሞግሱት እንዳልሆነ ለማንም አልተሰወረም።

ልጅ እያለ ሥራውን ያስተማሩት እሳቸው ነበሩ። ሰሌዳውን ሰቅለው ሲጨርሱ እጁን ይዘው መንገዱን ያሻግሩትና ከወዲያ ማዶ ያቆሙታል። «ዓይንህን ጨፈን አድርግና እይ» ይሉታል። «መንገደኛ ሰሌዳ አያነብም። ቸኩሏል፣ ጫማው ይቆረቁረዋል፣ ሚስቱ የላከችውን እንዳይረሳ በልቡ እየደገመ ነው። ዓይኑን ጎትተህ የምታመጣው አንተ ነህ። በል ንገረኝ፣ ዓይንህ መጀመሪያ የት አረፈ? ከዚያስ ወዴት ሄደ?» ልጁ በጣቱ ያሳያቸዋል። ከሳተ ይስቁበታል። ካገኘው ግን የዚያን ቀን ያገኙትን ሰው ሁሉ እያቆሙ «ይሄ ልጅ ዓይን አለው» ይላሉ።

ጠቡ የመጣው በፋርማሲው ሰሌዳ ነው። አባ ብሩሽ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከጻፉት ሁሉ የሚኮሩበት እሱ ነበር፤ አረንጓዴ መደብ፣ ነጭ ፊደል፣ ፊደሉ ሥር ደግሞ ከሩቅ ሲያዩት ከእንጨቱ ብድግ ያለ የሚያስመስለው ጥላ። ፋርማሲውን የገዛው አዲስ ባለቤት መብራት ያለው ሰሌዳ ፈለገና ባለማሽኑን አዘዘው። ባለማሽኑ ለአባቱ ቀድሞ መንገር ነበረበት። ዛሬ ነገ ሲል ቆይቶ አንድ ጠዋት ከሠራተኞቹ ጋር መሰላል አቁሞ አሮጌውን ያስነቅል ጀመር። ሰሌዳው ባንድ ጎኑ ተንጠልጥሎ ሳለ ዞር ቢል አባቱ የደም ግፊት መድኃኒታቸውን ሊገዙ መጥተው ከመንገዱ ማዶ ቆመዋል። ዓይን ለዓይን ተጋጩ። ባለማሽኑ ያላየ መስሎ ጎንበስ አለና የመሰላሉን እግር ማስተካከል ያዘ። ምኑን እንደሚያስተካክል እንጃለት፤ መሰላሉ ደህና ቆሞ ነበር። ቀና ሲል አባቱ ሄደዋል።

ከዚያ ወዲህ አባ ብሩሽ ስሙን አላነሱም። እሱም አፍሮ ነው መሰለኝ፣ ሐፍረቱ ሲቆይ ኩርፊያ ሆነ። ከአባቷ ጋር የምትኖረው ታላቅ እህቱ ታዲያ መሃል ገብታ ሰላምታ ታመላልስ ጀመር። ለእሱ «አባባ ሰላም ብለውሃል» ትላለች፣ ለአባቷ ደግሞ «ልጅዎ ሰላም ብሎዎታል» ትላለች። ሁለቱም ምንም አላሉ፤ ሰላምታውን የምታመርተው እሷ ነች። ለደግ ብላ ነው፣ ማን ይፈርድባታል? ግን አንድ ቀን አበዛችውና «አባባ በሱቅህ በኩል ሲያልፉ አይተው ደስ አላቸው፣ መረቁህ» ስትለው ነቃባት፤ አባቱ ያን ሳምንት በጉንፋን ከቤት እንዳልወጡ ከጎረቤት ሰምቶ ነበር። አባቷማ ከነቁባት ቆይተዋል። እንዲህ ሆና እውነት ብትናገርም የሚያምናት አጣች።

የታመሙ ዕለት ማታ ስትደውልለት ግን በድምፅዋ አመናት። «አባባን ግራ ጎናቸውን ያዛቸው፣ ቶሎ ድረስ» አለችው። ግራ ጎን ሲባል እጅና እግር ብቻ መስሎት ነው በማግስቱ የመጣው።

ክፍሉ ሁለት አልጋ አለው። አባ ብሩሽ በበሩ በኩል ባለው አልጋ ላይ ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ ፊታቸውን በቀኛቸው ወዳለው መስኮት አዙረዋል። በመስኮቱ በኩል ሌላ በሽተኛ አንሶላውን እስከ ግንባሩ ስቦ ያንኮራፋል። የጠያቂው ወንበር በሩ ሥር፣ ከአልጋው በግራ በኩል ነው። እህቱ መድኃኒት ልትገዛ ወርዳለች። ባለማሽኑ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። ከአባቱ የሚታየው ጆሯቸውና ማጅራታቸው ብቻ ነበር።

«እንዴት ዋሉ አባባ» አለ። ደረጃው ስላስለከለከው የራሱን ድምፅ ራሱም አላወቀውም።

«ደህና ነኝ፣ ተመስገን» አሉ አባ ብሩሽ ለሚያንኮራፋው ሰውዬ። «አንተስ? ሌሊቱን ስትቃዥ ነበር እኮ።»

ባለማሽኑ ወንበሩን ወደ አልጋው ጠጋ አደረገ። ከዚያ ሰውነቱን ሰብሰብ አድርጎ «እኔ ነኝ» አለ።

አባ ብሩሽ ግንባራቸውን ቋጠር አደረጉ። «ታዲያ አንተ አይደለህም አልኩህ?» አሉት የተኛውን ሰው።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ሳቅ ያመልጠው ነበር። አሁን ግን ደሙ ፈላ። ሰው እንዴት ልጁ አፍንጫው ሥር ቁጭ ብሎ ለተኛ ሰው ይመልሳል? ደግሞ ሽሙጡ! አባቱ ሲያኮርፉ በሰው በኩል አሳልፈው መናገር ይወዳሉ፤ ድሮ እናቱን ሲያኮርፉ ለድመቷ ነበር የሚናገሩት።

ምሳ መጣ፣ ሩዝና ድንች። አስተናጋጇ ሳህኑን ከፊታቸው አስቀምጣ ሄደች። አባ ብሩሽ በደህነኛው እጃቸው ማንኪያ ይዘው በመስኮቱ በኩል ያለውን ግማሽ ጠርገው በሉ። በእሱ በኩል ያለውን ግን አንዲት ፍሬ ሩዝ ሳይነኩ «አለቀ» አሉና ማንኪያውን አስቀመጡ። አለቀ! ግማሽ ሳህን ምግብ እያየው።

ከዚያ ቀና ብለው ከፊት ለፊት ያለውን ግድግዳ አዩ። ግድግዳው ላይ «ማጨስ ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ ተለጥፏል። አባ ብሩሽ ጮክ ብለው «ክልክል ነው» አሉ። ራሳቸውን ነቀነቁ። «ክልክል ነው! እንዲያው ዝም ብሎ ክልክል ነው። ይሄ ምን ማለት ነው?»

ምን ማለት እንደሆነ ባለማሽኑ በደንብ የገባው መሰለው። ከእሱ በቀር የተከለከለ ማን አለ እዚህ ክፍል ውስጥ?

አልጋውን ዞሮ በመስኮቱ በኩል መቆም ይችል ነበር። አስቧልም። ብድግ ብሎ በበሩ በኩል ባለው ግድግዳ ጥግ እስከ እግርጌው ሄዷል። እዚያ ሲደርስ ግን ትዕቢቱ መጣበት። ፊታቸውን ያዞሩት እሳቸው ናቸው፣ የሚመልሱትም እሳቸው ናቸው አለ በልቡ። ይሄው መጥቻለሁ፣ ደረጃውን ወጥቻለሁ፣ ሰላም ብያለሁ፤ ከዚህ በላይ ምን ላድርግ? ብርቱካኑን ወንበሩ ላይ ትቶ ወጣ።

ኮሪደሩ ላይ ከእህቱ ጋር ተገናኙ።

«ፊት ነሱኝ» አላት።

«አባባ? በናትህ አትቀየማቸው፣ አሟቸው እኮ ነው። ግራ ገብቷቸዋል። ለእኔም አንዳንዴ የሚሉት አይገባኝም።»

«ላንቺ ነው ግራ የገባቸው። እኔ ጋ ሲደርስ ሁሉን አውቀው ነው የሚያደርጉት።»

«ና ተመለስ፣ አብረን እንግባ።»

«እትዬ፣ ተይኝ። ሰላም ብለውሃል ልትይኝ ነው አይደል?»

ይህን ብሎ ደረጃውን ወረደ። እሷም ያን ጊዜ ከዚህ የተለየ ነገር አታውቅም ነበር። ሹራብ ስትሠራ ብርሃኑ ስለሚሻላት ሁልጊዜ በርጩማዋን የምታስቀምጠው በመስኮቱ በኩል ነው፤ አባቷም እሷን ሳያዩ የቀሩበት ቀን የለም። ነገሩን ሐኪሞቹ የነገሯት ከሳምንት በኋላ ነው። የነገሯት ዕለት ደወለችለት፣ አላነሳም። በማግስቱም ደወለች። «አባባ አንተን ይጠይቃሉ፣ ያን ቀን አላዩህም ነበር» ብላ ጻፈችለት። አነበበውና ስልኩን በግንባሩ ደፋው። አላዩህም! ከዚህ የተሻለ እንኳ መፍጠር ያቅታት?

ክረምቱ እንዲህ አለፈ። ባለማሽኑ ሥራ በዛብኝ ይላል፣ እውነትም በዝቶበት ነበር፤ ሥራ ላኮረፈ ሰው ጥሩ መደበቂያ ነው። አባቱ ከሆስፒታል መውጣታቸውን ከሰው ሰማ። ከወጡማ ድነዋል ማለት ነው ብሎ ደመደመ። ከዳኑ ደግሞ ስልክ መደወል አያቅታቸውም።

ዝናቡ ባባራ ሰሞን አንዲት ሴት ፍላሽ ይዛ ሱቁ ገባች። ፊዚዮቴራፒስት ነች፤ ከሕመም በኋላ እጅና እግር፣ ራስና ዓይን የምታለማምድ። ለሥራ ክፍሏ ግድግዳ የሚሆን ትልቅ ሰሌዳ ማሳተም ፈልጋለች። ባለማሽኑ ፍላሹን ሰክቶ ከፈተው። ክቦች፣ ሦስት ማዕዘኖች፣ አራት ማዕዘኖች በየቀለሙ ተበታትነዋል። በግራ ጠርዙ ደግሞ ከላይ እስከ ታች ወፍራም ቀይ መስመር ወርዶበታል።

«ይሄ መስመር ሚዛኑን ያበላሸዋል» አላት። «ዓይን ይሰርቃል። ወይ ላቅጥነው፣ ወይ ወደ ቀኝ ልውሰደው።»

«እሱማ አይነካም!» አለች እየሳቀች። «ዋናው እሱ ነው። ቆይ፣ መጀመሪያ አንድ ነገር ልሞክርዎት። ሦስት ማዕዘኖቹን ይቁጠሩልኝ።»

ባለማሽኑ ቆጠረ። ቁጥሩን ሲነግራት ትንሽ ኮራ ብሎ ነበር።

«ልክ ነዎት። አሁን ስክሪኑን ሳያዩ ይንገሩኝ፣ ቁልፉን አይተውታል?»

«የምን ቁልፍ?»

ዞር ብሎ ሲያይ ከሰሌዳው መሃል መዳፍ የሚያህል ቁልፍ ተስሏል። ሦስት ማዕዘን ሲፈልግ ዓይኑ ስንቴ ተመላልሶበታል! ዓይን አለው ተብሎ ያደገ ሰው ነውና ነገሩ ከነከነው።

«አይጨነቁ፣ ሁሉም እንደዚሁ ነው» አለችው። «ዓይንዎ አይቶታል፣ እርስዎ ግን ልብ አላሉትም። ልብዎ ሦስት ማዕዘን እየፈለገ ነበር። ጨለማ ቤት ውስጥ በባትሪ ዕቃ እንደመፈለግ ነው፤ የሚታየው ባትሪው ያረፈበት ነው። እኔና እርስዎ ባትሪውን ወዳሻን እናዞረዋለን። የኔ በሽተኞች ግን አንጎላቸው በቀኝ በኩል ሲጎዳ ባትሪው ወደ ግራ አልዞርም ይላል።»

«አንድ ዓይናቸው ይጠፋል ማለት ነው?»

«አይጠፋም። ዓይናቸው ጤነኛ ነው። በግራ በኩል ያለው ነገር ነው ለእነሱ የሌለው። ጨለማ አይታያቸውም፣ ባዶም አይታያቸውም፤ በቃ የለም። ስለዚህ የጎደለባቸው ነገር እንዳለም አያውቁም። ከሳህናቸው ቀኙን በልተው አለቀ ይላሉ። ከግራ ቢጠሯቸው ወደ ቀኝ ዞረው እዚያ ያገኙትን ሰው ያናግራሉ። ቀይዋ መስመር የመጣችው ለዚህ ነው፤ እሷን እስክታገኙ ዙሩ፣ ገና ነው፣ አሁንም ዙሩ እያልን ልባቸውን ወደ ግራ እንጎትታለን።»

ባለማሽኑ እጁ ማውዙ ላይ ደረቀ። ሴትየዋ ግን ጨዋታ ይዛለች፣ አላየችውም።

«በዚህ ክረምት አንድ አባት ነበሩ፣ እንደርስዎ ሰሌዳ ጸሐፊ። የተኙበት ክፍል ግድግዳ ላይ ማጨስ ክልክል ነው የሚል አለ። እሳቸው የሚያነቡት ክልክል ነው የሚለውን ብቻ ነው። አቤት ሲናደዱ! ምን እንደተከለከለ የማይናገር ሰሌዳ፣ ይሄ ብሩሽ ይዞ የማያውቅ ሰው ሥራ ነው ይሉኛል። ልጄ መጥቶ ባየልኝ፣ ይስቅ ነበር ይሉኛል። እግር ኮቴ በሰሙ ቁጥር እሱ ነው ወይ ይላሉ። እስኪወጡ ድረስ አልመጣም መሰለኝ።» ትከሻዋን ነቀነቀች። «ምን ዓይነት ልጅ ነው እላለሁ።»

ማሽኑ ከኋላቸው የሌላ ሰው ትእዛዝ እያተመ ያጉረመርማል። ባለማሽኑ አንድ ነገር ብቻ ጠየቃት።

«በግራቸው በኩል ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰውስ?»

«ቢያለቅስም አያዩትም። ለዚህ እኮ ነው ቤተሰቡን በቀኝ በኩል ቁሙ የምንለው። ሳንነግረው የገባ ሰው ተቀይሞ ይሄዳል።»

ዕድሜ ልካችንን ግራ ገባው ስንል ኖርን፤ ግራ የሚወጣበት ሰው መኖሩን ማን ነገረን? ባለማሽኑ ሱቁ መሃል ቆሞ ያን የሆስፒታል ክፍል እንደገና በልቡ አየው። አባቱ የመለሱት ለእሱ ነበር። ሰላምታውን ሰምተው «ደህና ነኝ፣ አንተስ» ያሉት እሱን ነው፣ ድምፁን ፈልገው ወደ ቀኝ ሲዞሩ ግን ያገኙት የተኛውን ሰውዬ ነው። እሱ ግን ስድብ ሊፈልግ ነው የገባው፤ በሳህኑም፣ በሰሌዳውም፣ በተኛው ሰውዬም ላይ የፈለገውን አገኘ። የታመመውን ሰው አንገት እንኳ አላየም፣ ወደ አንድ ወገን ጠምሞ የቀረውን። ከአባቱ ሕመም ይልቅ የራሱ ክብር ነበር የታየው። ይህን ሲያስብ የወረቀት ጥቅል ላይ ቁጭ አለ።

«ምነው፣ አመመዎት እንዴ?» አለችው ሴትየዋ።

«ደህና ነኝ። ሰሌዳውን ነገ ይውሰዱ» አለና ሱቁን ለሠራተኞቹ ትቶ ወጣ።

በሩን የከፈተችው እህቱ ነች። ከላይ እስከ ታች አየችው። ልትሰድበው አስባ ነበር፣ ፊቱን ስታይ ተወችው።

«ዛሬ ነገሩኝ» አላት።

«ከመቼ ጀምሮ ስነግርህ!»

«አላመንኩሽም።»

«አውቃለሁ» አለች፤ ዓይኗ እንባ ሞላ። «ግባ። ግን ቀስ በል፣ ልባቸው ደክሟል፣ አታስደንግጧቸው ተብለናል።»

አባ ብሩሽ ሳሎን ውስጥ ብርድ ልብስ ለብሰው ተቀምጠዋል። ሰውነታቸው አንሷል፣ የሸሚዛቸው አንገትጌ ሰፍቷቸዋል። ጢማቸው በቀኝ በኩል ጥርግ ብሎ ተላጭቷል፣ በግራ በኩል አድጓል፤ እህቱ ልትላጭላቸው ስትል አሻፈረኝ ብለው ይሆናል። ባለማሽኑ በኋላቸው ዞረ፣ በጥንቃቄ፣ የቤቱን ግማሽ አቋርጦ፣ በቀኛቸው በኩል ተንበረከከ።

አባ ብሩሽ አዩት። ለረጅም ጊዜ አዩት። ደህነኛውን እጃቸውን አንስተው ጉንጩን ነኩት።

«ከሳህ» አሉ።

ባለማሽኑ አለቀሰ። በደረጃው ላይ የፈለጋት ቃል አሁን አላስቸገረችውም። «ይቅር ይበሉኝ አባባ» አለ። «ሰሌዳውን ሳልነግርዎ...»

«እሱን ተወው። የታመምኩ ዕለት ነው የተውኩት። የተኛ ሰው በሰሌዳ ምን ያደርጋል? ከልቤ ያልወጣልኝ ሌላ ነው።» ትንፋሻቸውን እስኪያገኙ ቆዩ። «ያን ሁሉ ቀን ስተኛ አንዴ እንኳ ብቅ አላልክም።»

«መጥቼ ነበር አባባ! ያመመዎት ሰሞን። በግራዎ በኩል ወንበሩ ላይ ተቀምጬ...»

«እውነቱን ነው አባባ» አለች እህቱ ከበሩ ሥር። «ኮሪደሩ ላይ አግኝቼዋለሁ። ብርቱካኑንም ያመጣው እሱ ነው።»

አባ ብሩሽ ሳቁ። ከሳቁ ሥር ግን ቅሬታ ነበረበት። «አንቺ ደግሞ! ያ የሰላምታ ንግድሽ እስከዛሬ አልተዘጋም?»

«አሁን አልዋሸሁም!»

«ሐኪሟም እንደናንተው ናት፣ ግራ ግራ ትላለች። ግራዬ ምን ሆነ? ይሄው ቤቴን ሙሉውን እያየሁ ነው።» ወደ ልጃቸው ዞሩ። «አንተ ታውቀኛለህ። ከመንገድ ማዶ ቆሜ አንዲት ፊደል ስትጠም የማይ ሰው ነኝ። የገዛ ልጄ አጠገቤ ቁጭ ብሎ አላየውም? ይሄን ዓይን ይዤ? ባትመጣ ይሻለኛል እንዲህ ከምትለኝ።»

ባለማሽኑ ሊከራከር አፉን ከፈተ። ሴትየዋን ስልክ ደውሎ ማምጣት ይችላል። ያልተላጨውን ጉንጫቸውን በእጃቸው ማስነካት ይችላል። እውነቱ በእሱ በኩል ነው። ግን እውነቱን ለማስረዳት አባቱን ዓይን የለዎትም ማለት ነበረበት፤ እኚህን ሰውዬ፣ ዓይናቸውን። ያም ሆኖ እውነቱ ራሱ ሲመረመር ብዙም አያኮራም። መጥቻለሁ የሚለው እስከ የት ድረስ ነው? እስከ አልጋው እግርጌ ነው። ከእግርጌው እስከ አባቱ ፊት ያለችውን አልሄዳትም።

«አልመጣሁም አባባ» አለ።

እህቱ ደነገጠች። አባ ብሩሽ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ይሄን እንደጠበቁ ሁሉ።

«ለምን?»

«ፊት ይነሱኛል ብዬ ፈራሁ።»

«እኔ?» አሉ። ድምፃቸው ተሰበረ። «እኔ አንተን? በሩን በሩን ሳይ ከርሜ?» ሲያዩ የከረሙት መስኮቱን ነበር፣ እሳቸው ግን በሩ እንደሆነ አይጠራጠሩም። እጃቸውን ከጉንጩ ላይ ወደ ራሱ አወጡት። «በል ይቅር ብዬሃለሁ። ሁለተኛ ግን እንዳታደርገው። ሰው ሲታመም ይጠየቃል።»

«እሺ አባባ።»

ሁለተኛ የሚባል ነገር አልመጣም። አባ ብሩሽ ከዚያ በኋላ የኖሩት ጥቂት ሳምንት ነው። ባለማሽኑ በየቀኑ እየመጣ በቀኛቸው ሲቀመጥ፣ ጢማቸውን ሲላጭላቸው፣ ጋዜጣ ሲያነብላቸው ከረመ፤ አባትና ልጅ ስለ ፊደል ሲከራከሩ ጎረቤት ድረስ ይሰማ ነበር። አንድም ቀን ያለ እሱ አልዋሉም። ነገር ግን አልጋ ላይ ስተኛ አልመጣም ነበር የሚለውን ለሚጠይቃቸው ሰው ሁሉ ከመናገር አልቦዘኑም። ይቅር ብየዋለሁ የምትለዋን ሁልጊዜ ይጨምሩባታል።

የተቀበሩ ዕለት ከዳቦ ቤቱ ባለቤት ጀምሮ ሰሌዳ የጻፉለት ሰው ሁሉ ቤቱን ሞላው። ጫማ ሰፊው፣ ከአባ ብሩሽ ጋር አብሮ ያረጀው፣ ባለማሽኑ አጠገብ መጥቶ ተቀመጠ።

«አይዞህ» አለው። «ይቅር ብለውሃል፤ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ ልጄ፣ አትቀየመኝ። እንዴት አስቻለህ? አባትህ ተኝተው እንዴት አንድ ቀን አትሄድም?»

እህቱ ከወዲያ በኩል ሰምታ ልትናገር ብድግ አለች። ባለማሽኑ እጇን ያዛትና አስቀመጣት።

«አልሄድኩም» አለው።